ኢንዳክሽን ምድጃ እየጋለ ሲጠፋ፦ ከድስቱ እስከ ፋኑ የሚደረግ ፍተሻ

ኢንዳክሽን ምድጃ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ነቅሎ መልሶ ይሰካል፤ እንደገና ሲጠፋበት በፌስታል ጠቅልሎ ጠጋኝ ቤት ይወስደዋል። ጠጋኙም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴውን ነው። እኔ ግን ከካቻቢቴው በፊት ሰዓት እንዲታይ እመክራለሁ። ምድጃው ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ? በቀን ነው ወይስ ማታ ብቻ? የዚህ ጥያቄ መልስ ጥፋቱ ከድስቱ፣ ከአየሩ፣ ከመብራቱ ወይም ከውስጥ ዕቃው መሆኑን ለመለየት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይረዳል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ጠጋኝ ቤት ከሚደረደሩት ምድጃዎች ብዙዎቹ ቤት ውስጥ በማግኔት፣ በጨርቅና በትንሽ ትዕግሥት ሊድኑ የሚችሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከሌለው ወደሚያስወጣው ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ሁለቱ ሙቀቶች

ከመስታወቱ ሥር ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ከሶኬቱ የሚገባው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ይህንን በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ወደሚመላለስ ኮረንቲ ይቀይረውና በመዳቡ ጥቅል ውስጥ ያሳልፈዋል። በዚህ የሚፈጠረው ማግኔታዊ ኃይል የድስቱን ቂጥ ያግለዋል። መስታወቱ የሚሞቀው ድስቱ መልሶ በሚሰጠው ሙቀት ነው።

ስለዚህ ምድጃው የሚጨነቅባቸው ሙቀቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከድስቱ ወደ ታች የሚወርደው ነው፤ እሱን የሚከታተል ትንሽ የሙቀት መለኪያ ከመስታወቱ ሥር መሐል ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ምድጃው ራሱ የሚያመነጨው ሲሆን በዋናነት የሚመጣው ኮረንቲውን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ትልቅ ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ብዙ ስንጥቅ ባለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ ታስሮ ይቀመጣል፤ ፋኑ ያለማቋረጥ ይነፋበታል፤ አጠገቡም ሌላ መለኪያ አለ። ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱ «በቃ» ካለ ምድጃው ይጠፋል። የእኛ ሥራ የትኛው እንደተናገረ ማወቅ ነው።

1. ሰዓቱን ያዙ

ምድጃው ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ። የተለመደውን ድስት ጥዳችሁ በተለመደው ኃይል ክፈቱትና በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ሲጠፋ ደቂቃውን ጻፉ፤ ፋኑ እየዞረ መሆኑን አዳምጡ፤ በማሳያው ላይ የወጣውንም ፊደልና ቁጥር መዝግቡ።

በቀዝቃዛ ማለዳ በተከፈተ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ «ጋልኩ» የሚል ምድጃ አልጋለም፤ ለመጋል ጊዜ የት አግኝቶ! መለኪያው ወይም የመለኪያው ሽቦ ነው የሚዋሸው። ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ከጠፋ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ ፋኑ ቆሟል፣ ወይ ድስቱ ደረቅ ነው። ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በደህና ሠርቶ የሚጠፋው ግን ቀስ እያለ የሚታፈን ምድጃ ነው፦ የተዘጋ የአየር መግቢያ፣ የተጠራቀመ አቧራ፣ የደረቀ ቅባት። ቀን ቀን እየሠራ ምሽት ላይ ወይም በበዓል ዋዜማ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ወደ መብራቱ ሂዱ።

ስለ ማሳያው ቁጥሮች አንድ ነገር ልበል። አንድ ዓይነት ቁጥር በአንዱ ፋብሪካ ምድጃ ላይ «ድስት የለም»፣ በሌላው ላይ «ቮልቴጅ ወረደ»፣ በሦስተኛው ላይ «ከመጠን በላይ ጋለ» ማለት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚሠራ ዝርዝር የለም። ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ካልተጣለች እሷን ብቻ እመኑ።

2. የውሃ ፈተና

ይህ ፈተና ሁለቱን ሙቀቶች ለይቶ ያወጣልና በደንብ አድርጉት። ቂጡ ጠፍጣፋ በሆነና ማግኔት በሚይዘው ድስት ሁለት ሊትር ውሃ ጥዳችሁ ምድጃውን በሙሉ ኃይሉ ክፈቱት። 2000 ዋት የሆነ ጤነኛ ምድጃ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል። ከፈላም በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፍላ፤ ውሃው ሲቀንስ ጨምሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ በ94 ገደማ። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ቂጡ ከዚያ ብዙ ከፍ ሊል አይችልም፤ የላይኛውም መለኪያ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ውሃ እያፈላም ከጠፋ ድስቱን ከተጠርጣሪዎች አውጡትና ወደ ቁጥር 4 እለፉ። ውሃውን ያለችግር አፍልቶ ወጥ ላይ ግን የሚጠፋ ከሆነ ምድጃው ደህና ነው፤ የሚጠየቀው በላዩ የሚጣደው ነው።

3. ድስቱና ማዕዱ

እነዚህ ምድጃዎች ሲነደፉ ቁሌት የሚባል ነገር የታሰበ አይመስለኝም። ለዶሮ ወጥ የከተፍነውን ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ እናቁላላለን። ሽንኩርቱ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ የድስቱ ቂጥ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቀቱም በቀጥታ ወደ መስታወቱ ይመለሳል። በሙሉ ኃይል ከተከፈተ መለኪያው ቢያቋርጠው ትክክል ነው። መፍትሔው ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት መጠቀም፣ ኃይሉን ከ800 እስከ 1000 ዋት ማውረድና ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ማከል ነው። እናቶቻችን በእንጨት ላይ እሳቱን የሚያወጡትና የሚያስገቡት ለዚሁ ነበር።

ኃይሉን ዝቅ ስታደርጉ ምድጃው ለጥቂት ሰከንድ እየሠራ ለጥቂት ሰከንድ እያረፈ ሊሄድ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ርካሽ ምድጃዎች ዝቅተኛ ኃይል የሚሰጡት እያቆራረጡ ነው። ማሳያው ካልጠፋና የስህተት ቁጥር ካልወጣ ተዉት።

ቡና መቁላትም እንደዚሁ ነው። ባዶ ሊባል የሚችል የብረት መጥበሻ በሙሉ ኃይል ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይጋጋላል። በዝቅተኛው ኃይል እያማሰላችሁ ብትቆሉት ይሆናል፤ ብዙ ቡና ከሆነ ግን ከሰሉ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን ሌላ ነው። የሸክላ ድስትና ጀበና በኢንዳክሽን አይሞቁም፤ ተራ የአሉሚኒየም ድስትም እንዲሁ። ስለዚህ ሰዎች ከመሐል ክብ ብረት ወይም የተቆረጠ ላሜራ ያስገባሉ። ብረቱ ወዲያው ይግላል፤ ሸክላው ግን ሙቀት የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው። ወደ ላይ መሄጃ ያጣው ሙቀት ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ መዳቡ ጥቅል ይወርዳል። ምድጃው ራሱን ካጠፋ ዕድለኛ ናችሁ፤ ካላጠፋ የጥቅሉ መሸፈኛ ቀለም እየተቃጠለ ይሄዳል። ይህንን ብረት እየተጠቀማችሁ ከሆነ ሌላ ፍተሻ ከመጀመራችሁ በፊት አንሱት።

የቀረው ቀላል ነው። የፍሪጅ ማግኔት በድስቱ ቂጥ መሐል ላይ አድርጉ፤ ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ ድስቱ አይሆንም። ማስመሪያ አጋድማችሁ ቂጡ መጉበጥ አለመጉበጡን እዩ፤ መሐሉ ወደ ላይ የተነሳ ድስት መለኪያው ያለበትን የመስታወቱን መሐል አይነካውምና ምድጃው የድስቱን ሙቀት ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ዳር እስከ ዳር መስታወቱን የሚሸፍን ትልቅ ድስትም የመቆጣጠሪያውን ቁልፎች ያግላል።

4. የሚተነፍስበት ቦታ

ምድጃውን ገልብጣችሁ ሥሩን ተመልከቱ። አብዛኞቹ አየር የሚስቡት ከሥር ነው፤ የሚያስወጡት ከኋላ ወይም ከጎን። አሁን ደግሞ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እዩ። ሙሻማ አለ? ጋዜጣ? በክር የተሠራ ጌጠኛ ጨርቅ? ፋኑ ሲስብ ሙሻማው ከሥር ይነሳና መግቢያውን ይደፍናል፤ ምድጃው በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሙሻማው ተመልሶ ስለሚተኛ ማንም አያየውም። ሩብ ሰዓት ሠርተው ለሚጠፉ ምድጃዎች እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ምድጃውን ባዶ እንጨት፣ ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ላይ አስቀምጡ። ከግድግዳው ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም መደርደሪያ ሥር ከሆነ ያስወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከሚሠራ የእንጀራ ምጣድ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብም አይሁን።

የእኛን አገር የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲነደፍ ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠራ ታስቦ ነው። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከዚያ በላይ ናቸው፤ አየሩም ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። የደጋው ብርድ ይህንን በከፊል ያካክሰዋል፤ በሚያዝያ ሙቀት ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን የሚያካክስለት ብርድ የለውም። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚጎዳው አየር መግቢያው የታፈነ ምድጃ ነው።

ምግቡ ሲበስል ወዲያው ከሶኬት የመንቀል ልማድም ይቅር። ምድጃው ከጠፋም በኋላ ፋኑ ለአንድ ሁለት ደቂቃ የሚዞረው ውስጡን ለማቀዝቀዝ ነው። እሱ ሲያቆም ንቀሉ።

5. መብራቱ

2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ያህል ይወስዳል። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለመስጠት የሚሞክር ምድጃ ወደ አሥራ አንድ አምፔር ይስባል፤ ትራንዚስተሩም በዚያው መጠን ይጋጋላል። በፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲከፍት የሚሆነው ይህ ነው። የራሳችሁ ምጣድ በዚያው መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት መውቀስ አያስፈልግም።

ፈተናው አጭር ነው። ችግር በሚፈጠርበት ሰዓት ኃይሉን ወደ 1200 ዋት አውርዱ፤ ምጣዱንም አጥፉ። እንዲህ ሲደረግ የማይጠፋ ከሆነ ምክንያቱ መስመሩ ነው።

ከዚያ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ አጥፉትና የሶኬቱን መሰኪያ ላስቲኩን ይዛችሁ ንቀሉ። መሰኪያው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ የጋለው ምድጃው ሳይሆን ሶኬቱ ነው። ይህ ከሁሉም አስቸኳይ ነው፤ ቤት ያቃጥላል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ለስልክ ቻርጅና ለቴሌቪዥን እንጂ ለምድጃ አይሆንም። ምድጃው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ባለው መስመር ላይ፣ በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ። ስታቢላይዘር መግዛት የምትፈልጉ ደግሞ አቅሙን ከምድጃው ኃይል አንድ ጊዜ ተኩል ያህል አድርጉት፤ የቴሌቪዥኑ ትንሽ ስታቢላይዘር ምድጃ ሊሸከም አይችልም።

6. መክፈት

እስካሁን ያለው ካልፈታው መክፈት ይመጣል። ዋስትና ካለው አትክፈቱ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ከሆነ በፕላስተር እየለጠፉ መጠቀም የለም፤ ወጥ ሲገነፍል ወደ ኮረንቲው ይወርዳል። በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ፋኑን ከማጽዳት አይለፍ።

ከሶኬት ከነቀላችሁ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ድረስ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ሊመታ ይችላል። ቴስተር ያለው ሰው በቀጥታ ኮረንቲ የቮልት መለኪያው (DC V) ለክቶ ወደ ዜሮ መቅረቡን ሳያረጋግጥ ሰሌዳውን አይንካ።

ብሎኖቹን ፍቱ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ። የላይኛውን ክዳን በኃይል አትጎትቱ፤ ወደ ቁልፎቹ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለው። ገና እንደተከፈተ ፎቶ አንሱ።

የምታዩት ነገር አያምርም። በእንጨት በሚጨስ ማድ ቤት የኖረ ምድጃ ከሆነ ጥላሸት፣ የጤፍ ዱቄት፣ የበርበሬ ብናኝ ከቅቤ ጭስ ጋር ተቦክቶ የፋኑን ክንፎችና የማቀዝቀዣውን ስንጥቆች ደፍኗል። በረሮም ትኖራለች፤ ሙቀት ትወዳለች፤ ሬሳዋ ሰሌዳው ላይ ሲደርቅ ኮረንቲ ያሳልፋል። ሁሉንም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ እርጥበት ነው። የፋኑ ክንፍ ላይ የደረቀውን ቅባት በትንሽ አልኮል በተነከረ ጥጥ አንሱ። አልኮል ስል ከፋርማሲ የሚገዛውን ነው፤ አረቄው ለሌላ ይቀመጥ።

ፋኑን በጣት አዙሩት። ለቅቆ ጥቂት መዞር አለበት። ከከበደው መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት አንስታችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩለት፤ ወረቀቱን መልሱ። ይህ ለወራት ሊያሻግራችሁ ይችላል፤ የሚንቋቋ ፋን ግን መቀየር አለበት። ስትገዙ በጀርባው የተጻፈውን ቮልት ተመልከቱ፤ በብዛት 12 ወይም 18 ነው። መጠኑና የሽቦው አያያዝ አንድ ይሁን፤ ስትገጥሙም ነፋሱ እንደ አሮጌው ወደ ማቀዝቀዣው መንፋቱን አረጋግጡ። የተገለበጠ ፋን ይዞራል፣ ይጮሃል፣ አያቀዘቅዝም።

7. መለኪያዎቹና ቅባቱ

በሰከንዶች ውስጥ ለሚጠፋ ምድጃ እዚህ ነው መልሱ። በመዳቡ ጥቅል መሐል ያለውን ትንሽ መለኪያ ከሰሌዳው ንቀሉና በቴስተር ለኩት። በብዙ ምድጃዎች 25 ዲግሪ ላይ 100 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፤ በደጋ ብርድ ከዚያ ከፍ ማለቱ ትክክል ነው። በጣቶቻችሁ ያዙት፤ እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ወደ ዜሮ የተጠጋ መለኪያ ምድጃውን «በጣም ጋለ» እያለ ያታልለዋል። ምንም የማያሳይ ደግሞ ሽቦው ተቆርጧል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ተመሳሳዩን ኪሎ ኦም ጠይቃችሁ ግዙ።

መለኪያውና መስታወቱ መሐል ያለው ነጭ ቅባት ደርቆ ከተሰባበረ ጠርጋችሁ አዲስ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል። ትራንዚስተሩና ማቀዝቀዣው መሐልም ያው ቅባት አለ፤ ያንን ለመቀየር ብሎኑን መፍታት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ተዉት። ባለሙያው ሲሠራ ከመሐሉ የነበረች ስስ መከላከያ ካለች መመለሷን ጠይቁ።

ስትገጥሙ ሽቦ ከፋኑ ክንፍ እንዳይነካ፣ መለኪያውም መስታወቱን ተጭኖ እንዲቀመጥ አድርጉ። ከዚያ የውሃውን ፈተና ድገሙና አዲሱን ሰዓት ከጻፋችሁት ጋር አወዳድሩ።

ጠጋኝ ቤት የሚሄድ ከሆነ

አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ትራንዚስተሩ ወይም ሰሌዳው ላይ ነው። ለጠጋኙ «ይግላል» ብቻ አትበሉት። ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ፣ ውሃ ሲያፈላም እንደሚጠፋ፣ ፋኑ እንደሚዞርና በማሳያው የወጣውን ቁጥር ንገሩት። ትራንዚስተር መቀየር አለበት ካለ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት መዞሩንና ቅባቱ መታደሱን አብራችሁ ጠይቁ፤ ደካማ ፋን ባለበት የገባ አዲስ ትራንዚስተር እንደ አሮጌው ይቃጠላል። ሰሌዳው በሙሉ ይቀየር ከተባለ ደግሞ ዋጋውን ከአዲስ ምድጃ ዋጋ ጋር አስተያዩ፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ እኔ አላሠራውም።